የአሮጊቷ መሪ

መካኒኩን በስሙ የሚጠራው የለም፤ ሰፈሩ በሙሉ «ዋስትና» ነው የሚለው። ፍሬን ቢጠግን «በእኔ ዋስትና»፣ ጎማ ቢያጠብቅ «በእኔ ዋስትና»፣ ሌላው ቀርቶ ነገ ፀሐይ ትወጣ እንደሆነ ብትጠይቁት «በእኔ ዋስትና ትወጣለች» የሚል ሰው ነው። ደግሞ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ሥራውን ያውቃል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከጋራዡ የወጣች መኪና በዚያው ብልሽት ተመልሳ መጥታ አታውቅም። ጉራው ግን ከሥራው አንድ እርምጃ ቀድሞ ይሄዳል። እኔም የማወራችሁ ያቺ አንድ እርምጃ ስላመጣችው ጣጣ ነው።

ዋስትና አንድ ታላቅ እህት አለችው። እናታቸው በልጅነቱ ስለሞተች ያሳደገችው እሷ ናት፤ «እትዬ» ይላታል እንጂ ስሟን ጠርቶ አያውቅም። ሌላው ሰው ሁሉ «ሲስተር» ነው የሚላት፤ አዋላጅ ናትና። ከሆስፒታል ጡረታ ከወጣች ሰባት ዓመት አልፏል፤ ምጥ ግን ጡረታ የሚባል ነገር አያውቅም። ከከተማው ዳር ያሉ ሰዎች አሁንም ቀን ከሌት የሚደውሉት ለእሷ ነው። እሷም ቦርሳዋን አንጠልጥላ አሮጊቷን ታስነሳለች።

አሮጊቷ የምትባለው መኪናዋ ናት። ክብ መብራት፣ ወፍራም ኮፈን፣ ወተት የመሰለ ቀለም። ዕድሜዋ ከሃምሳ ቢያልፍም በሯ ሲዘጋ እንደ ዘንድሮዎቹ አይንኳኳም፤ ዱብ ብሎ ይዘጋል። ሰው ቆሞ ነው የሚያያት። አንድ ጉድለት ብቻ አለባት፤ መሪዋ። አቤት ክብደቱ! ያኔ መኪና የሚሠሩ ሰዎች ሹፌር ሲሉ ታጋይ ማለታቸው ይሁን እንጃ፣ ቆማ ስትዞርማ በሁለት እጅ ጨብጠው ከወገብ ካልገፉት ንቅንቅ አይልም።

ሲስተር ይህን ሁሉ ዓመት ቻለችው። አምና ግን ከአንዲት ወላድ ቤት ስትወጣ ደረጃ አዳልጧት ወደቀችና ቀኝ ትከሻዋ ተሰበረ። አጥንቱ ገጠመ፤ ጉልበቱ ግን አልተመለሰም። ክንዷ ብርጭቆ ማንሳት ይችላል፣ ሕፃን መቀበል ይችላል፣ ያንን መሪ መግፋት ግን አይችልም። አሮጊቷ ግቢ ውስጥ ቆመች። ሴቶቹ ሲደውሉ ሲስተር «ሌላ ሰው ፈልጉ የኔ እናት» ማለት ጀመረች። አንድ ቀን ይህን ስትል ዋስትና አጠገቧ ተቀምጦ ነበር። ስልኩን ዘግታ ለረጅም ጊዜ ግድግዳውን ስታይ አያት።

የሲስተር አንድያ ልጅ የቢሮ ሰው ነው። እናቱን ይወዳታል፣ ክፉ አያስብላትም፤ መውደዱ ግን ቁጭ በይ የሚል መውደድ ነው። «እማዬ፣ ስንት ዘመን ሠራሽ፣ አሁን አርፈሽ ተቀመጪ» ይላታል። ለሠርግ የሚሆኑ አሮጌ መኪኖች የሚያከራይ ሰው አገኘና ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት መጥቶ አሮጊቷን እንዲያያት ቀጠረው።

«መሄድ ካማረሽ ታክሲ ይጠራልሻል» አላት።

«ታክሲው እስኪመጣ ሕፃኑ ድክ ድክ ይላል» አለች ሲስተር። ከዚያ አጠገባቸው የተቀመጠውን ወንድሟን አየችው።

ለዋስትና ይህ በቂ ነበር። ደረቱን ነፋና «ማንም አይሸጣትም!» አለ። «ከሌላ መኪና ላይ ባለ ዘይት መሪ አውጥቼ እገጥምላታለሁ። እትዬ በአንድ ጣቷ ታዞራታለች። በእኔ ዋስትና!»

ሲስተር ወደ ልጇ ዞረች። «እንግዲያው ስማኝ። እስከ ቅዳሜ ጠዋት ራሴ መንዳት ከቻልኩ አትሸጥም። ካልቻልኩ ቁልፉን በገዛ እጄ ለሰውየው እሰጠዋለሁ፣ ስልኬንም እዘጋለሁ፣ ያልከኝ ቦታ እቀመጣለሁ።»

ነገሩ ለማያውቅ እንዲህ ነው። የአሮጊቷን ጎማ የሚያዞረው የሹፌሩ ጉልበት ብቻ ነው። ኋላ የመጡት መኪኖች ግን ሞተሩ በላስቲክ ቀበቶ፣ በችንጋ፣ የሚያሽከረክረው ፖምፓ አላቸው። ፖምፓው መሪውን ከጎማው ወደሚያገናኘው ሳጥን ዘይት ይገፋል፣ ዘይቱ ጎማውን ይገፋል፣ ለሹፌሩ የሚቀረው አቅጣጫ ማመልከት ብቻ ነው። እንግዲህ ሥራው ከአንዲት የሞተች መኪና ሳጥኑንና ፖምፓውን አውጥቶ ለአሮጊቷ መስጠት ነው።

«ኩላሊት እንደ መለገስ በይው» አላት ለእህቱ።

«ኩላሊት እኮ ይስማማ እንደሆነ አስቀድሞ ይመረመራል» አለችው።

ሰኞ ጠዋት አሮጌ ዕቃ ተራ ወረደ። የቦታው ባለቤት እሜቴ ቡሎን ይባላሉ። በወፍራም መነጽራቸው ከብረት ክምር መሃል ተቀምጠው እያንዳንዱ ብረት ከየትኛዋ መኪና እንደወጣ፣ መኪናዋም እንዴት እንደሞተች የሚያውቁ ሴት ናቸው። ዋስትና የአሮጊቷን የመሪ ሳጥን ሦስት ቀዳዳ በካርቶን ላይ ስሎ ይዟል። ከኋላ ተገጭታ ፊቷ ደህና የሆነ አንዲት ታክሲ አገኘና ካርቶኑን ሳጥኗ ላይ አስደገፈው። ሦስቱም ቀዳዳ ከሦስቱ ቀዳዳ ጋር ልክክ! ዋስትና ብረቱን ሊስመው ምንም አልቀረው።

«የኔ ልጅ፣ ለየትኛዋ መኪና ነው?» አሉት እሜቴ ቡሎን። «ቆይ እስቲ ንገረኝ፤ መሪ ሁሉ እኮ...»

«እሜቴ፣ ዕቃውን ይስጡኝ፤ ምክሩን ሌላ ቀን መጥቼ እወስዳለሁ።»

እሳቸውም ትከሻቸውን ነቀነቁና ዕቃውን ሰጡት። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ሰው ነበር፤ እሱ ግን ጥምጥሙን አሳምሮ ወደ ጋራዡ በረረ።

ማክሰኞን ሙሉ ሠራ። የአሮጊቷ አሮጌ ቡሎኖች ግማሽ ክፍለ ዘመን ዝገው ከብረቱ ጋር ተጋብተዋል። ዘይት አጠጣቸው፣ አሞቃቸው፣ ሰደባቸው፣ ወጡለት። የታክሲዋን ሳጥን አስገባ፣ ፖምፓውን ሞተሩ ጎን አሠረ፣ ቱቦዎቹን አገናኘ። ወደ ማታ ገደማ እህቱን አስጠርቶ ወንበሯ ላይ አስቀመጣት። የፊት ጎማዎቹ በክሪክ ተነሥተው አየር ላይ ናቸው። እሱ እንደ ልማዱ ከፊት በኩል ባለው ደረጃ ከመኪናዋ ሥር ወዳለው የመጠገኛ ጉድጓድ ወርዶ፣ ፊቱን ወደ መኪናዋ ጅራት አዙሮ ከታች ሆኖ ይመለከታል።

«እትዬ፣ አስነሺና ወደ ቀኝ አዙሪው!»

ሲስተር ሞተሩን አስነሣች። ጣቷን መሪው ላይ ጣል አድርጋ ገፋ ስታደርገው ያ ዓለት የነበረ መሪ እንደ ቅቤ ሄደላት።

«ጎማው ዞረ?» አለች።

«ዞረ! ወደ ቀኝ!»

«የማን ቀኝ?»

«እንዴት የማን ቀኝ?»

«እኛ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ዝም ብሎ ቀኝ አይባልም። የእናቲቱ ቀኝ ነው ወይስ ፊት ለፊቷ የቆምኩት የእኔ ተብሎ ይጠየቃል።»

«እትዬ፣ ይኼ መኪና ነው፤ ምጥ አይደለም! ቀኝ ቀኝ ነው!»

ጉድጓድ ውስጥ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ የቆመ ሰው ቀኙ የመኪናዋ ግራ መሆኑን ጀማሪ ያውቀዋል። ዋስትናም ያውቀዋል። ግን ቀዳዳው ልክክ ብሎለት፣ ዘይቱ ሳያፈስ፣ እህቱ በአንድ ጣቷ ስታዞር፣ ያን ጊዜ የሚያስብ ጭንቅላት ማን አለው? በዚያ ላይ ሌላ ጊዜ ቢሆን ራሱ ነድቶ ሳይሞክራት መኪና ለባለቤቷ አያስረክብም። አሁን ግን የመጀመሪያዋን ዙር እትዬ ካልነዳቻት ሞቼ እገኛለሁ አለ፤ ሰፈሩ እንዲያይለት ፈልጎ ነው።

ሰፈሩም አየለት። ረቡዕ ረፋድ ላይ ጠርቶት ያልመጣ የለም፤ በያጁ፣ ጎማ ጠጋኙ፣ ከማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ፣ የሲስተር ልጅም ከቢሮው አስፈቅዶ። ከጋራዡ በር እንደወጣህ በቀኝ መንገዱ ነው፤ በግራ ጎማ ጠጋኙ የቆለላቸው አሮጌ ጎማዎች ናቸው። ሲስተር ስንዝር እንኳ ሳትዛነፍ ቀጥ ብላ ከበሩ ወጣች። ሰው አጨበጨበ። በአንድ ጣቷ ወደ ቀኝ አዞረች።

አሮጊቷ ወደ ግራ ሄደች።

ሲስተር ደነገጠችና ይበልጥ ወደ ቀኝ አዞረች፤ አሮጊቷም ይበልጥ ወደ ግራ ታጠፈችና የጎማው ክምር ውስጥ በአፍንጫዋ ዘው አለች። ደግነቱ ፍጥነቷ የኤሊ ነበር፤ ፍሬን ተይዞ ቆመች፤ ማንም አልተነካም። ጎማዎቹ ግን ነፃነታቸውን አወጁ። አንዱ ተንከባሎ መንገዱን ተሻገረ፣ ሁለተኛው ቁልቁል ወረደ፣ ጎማ ጠጋኙም «ያዙት! ያዙት!» እያለ በሩጫ ተከተላቸው። ሰዉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ልብስ ሰፊዋማ «ዋስትና፣ ማርሹ ወደ ኋላ ሲገባ ደግሞ ወደ ፊት ነው የምትሄደው?» ብላ ጨረሰችው።

ዋስትና ወዲያው ገባው። ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። እንግዲህ ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚባል ነገር አለ። ብልህ ሰው የሚዋሽበት ቀዳዳ አያጣም፤ ፖምፓው ነው ማለት ይቻላል፣ ዕቃው አሮጌ ነበር ማለት ይቻላል። አፉን ከፈተ። ያን ጊዜ ግን እህቱን አያት። ሲስተር ከመኪናዋ አልወረደችም። የታመመች ክንዷን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ትመለከታታለች።

«እጄ ነው?» አለችው ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሳላውቀው ወደ ግራ አዞርኩት እንዴ? በቃ አልችልም ማለት ነው?»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስንቱን ነፍስ የተቀበለች እጅ! ዋስትና እንባው መጣ፣ ንዴቱም መጣ፤ ንዴቱ በራሱ ላይ ነው። ወደ ሰዉ ዞሮ ጮክ ብሎ ተናገረ።

«ሁላችሁም ስሙኝ! እትዬ ወደ ቀኝ ነው ያዞረችው። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሳጥኑን አሳስቼ የገጠምኩት እኔ ነኝ። ማታ የማን ቀኝ ነው ብላ ጠይቃኝ ነበር፤ ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆንኩ።»

ሳቁ ቆመ። ዋስትና «ጥፋቱ የእኔ ነው» ሲል የሰማ ሰው እስከዚያን ቀን አልነበረም፤ በያጁ የሰማውን ለማመን ጆሮውን ነካ አደረገ።

«አጎቴ፣ በቃ» አለ የሲስተር ልጅ፤ ፊቱ ደም መስሏል። «እናቴ ብትጎዳስ ኖሮ? ቅዳሜ ሰውየው ይመጣል፣ መኪናዋን ይወስዳል፣ ነገሩ እዚህ ላይ ያብቃ።»

«ቅዳሜ ገና ነው» አለች ሲስተር። ከመኪናዋ ወርዳ ቁልፉን ለወንድሟ ሰጠችው። «ሁለት ቀን አለህ። ደግሞ አሁን ጠይቅ፤ አፍህ ለመብላት ብቻ አልተፈጠረም።»

ሐሙስ ማለዳ ዋስትና አሮጌ ዕቃ ተራ በር ላይ ቆሞ ነበር። እሜቴ ቡሎን መነጽራቸውን ገፋ አድርገው አዩት።

«እሜቴ፣ ያን ዕለት የጀመሩልኝን ምክር ለመስማት ነው የመጣሁት።»

«ጎማዎቹ የት ደረሱ?» አሉት። ወሬ ከመኪና ይፈጥናል።

ከዚያ ግን አልቀለዱም። መሬት ላይ በእንጨት መስመር አሠመሩና አሳዩት። «የሲስተር መኪና ጎማዎቹን የሚጎትተው ብረት ከጎማዎቹ መሃል በስተኋላ ነው ያለው። የታክሲዋ ደግሞ በስተፊት። ለፊት የተሠራውን ከኋላ ብታስገባው ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ ይሆናል።» እየተነፈሱ ተነሡና ከጥግ አንድ ጥቁር ባለ ዘይት የመሪ ሳጥን አወጡለት። «ይኼ ከዳቦ ማከፋፈያ መኪና የወጣ ነው። እሷ እንደ ሲስተር መኪና ከኋላ ነበር የምትጎትተው። ይገጥማል ብዬ አልዋሽህም፤ ቀዳዳው አንዱም አይገጥምም። ግን ቀዳዳ መብሳት ትችላለህ። ቀኝን ግራ ማድረግ ግን... እሱንስ ለካ ትችላለህ።»

ዋስትና ከልቡ ሳቀ። ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ሳመና ሳጥኑን ተሸክሞ ሄደ።

የእውነቱ ሥራ ያኔ ተጀመረ። ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው ብረት ቆረጠ፣ ሞረደ፣ ስድስት ቀዳዳ በሳ፤ ሦስቱ ለመኪናዋ፣ ሦስቱ ለሳጥኑ። አንዷ ቀዳዳ በፀጉር ስንጥቅ ያህል ብትስት ብረቱን ጣለና እንደገና ቆረጠ። በያጁ ሳይጠራው መጥቶ በብየዳ አጠናከረለት። ጎማ ጠጋኙ እንኳ ቂሙን ትቶ ክሪኩን አቀበለው። ዋስትናም እያንዳንዱን ነገር ከማጥበቁ በፊት «እስቲ እይልኝ፣ ትክክል ነው?» እያለ ጠየቀ። ሰው ተገረመ፤ እሱ ራሱ ተገረመ፤ መጠየቅ እንዲህ ቀላል ነው እንዴ?

ዓርብ ከሰዓት በኋላ መሪውን መሃል ላይ ማዋል ቀረ። ሳጥኑ ከዳር እስከ ዳር ሦስት ዙር ተኩል ይዞራል፤ ጎማዎቹ ቀጥ ሲሉ መሪው በትክክል እኩሌታው ላይ ካልዋለ መኪና ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ትስባለች። የዋስትና ጣቶች በፍሬን ዘይትና በመዶሻ ደንዝዘዋል፤ እኩሌታው አልገኝ አለው። ሲስተር የተቀመጠችበትን ወንበር ወደ ጎን ገፋችና «ወግድ» አለችው። ዓይኗን ጨፈነች። ጣቶቿን ከሳጥኑ የወጣው ብረት ላይ አሳርፋ ቀስ ብላ ከዳር እስከ ዳር ወሰደችው፣ መለሰችው፣ ደግማ ወሰደችው። መሃሉ ላይ ያለችውን ጠበቅ የምትል ትንሽ ቦታ አገኘቻት።

«እዚህ ናት» አለች።

ዋስትና ለካው። ልክ እዚያ ነበረች።

«እንዴት አወቅሽ?»

«እንዳንተ ዓይነቱን ሥራ ሠላሳ ዓመት ሠርቻለሁ። ሕፃኑ በጭንቅላቱ ነው ወይስ በእግሩ የሚመጣው ተብሎ አስቀድሞ ይዳሰሳል። አንተ ሳትዳስስ ጎተትክ፤ በእግሩ መጣብህ።» ሳቀች። ትከሻዋ ከተሰበረ ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አይቷት አያውቅም።

በዚያኑ ዕለት ዋስትና ብቻውን ነዳት። ቀኝ አለ፣ ቀኝ ሄደች። ግራ አለ፣ ግራ ሄደች። አንዲት ቱቦ ጠብ ጠብ ስትል አገኛትና አጥብቆ፣ ደግሞ ነድቶ፣ ከሥሯ ካርቶን አንጥፎ ጠበቀ። ካርቶኑ ደረቅ ሆኖ ሲያገኘው ብቻ ቤቱ ሄደ። «በእኔ ዋስትና» ለማለት ግን አፉ አልደፈረም።

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሲስተር ሥራ ትሄድ የነበረበትን ሰማያዊ ካፖርቷን ለብሳ ቦርሳዋን ይዛ መጣች። ጭብጨባ የለም፣ የተጠራ ሰው የለም። ወንድሟን አጠገቧ አስቀምጣ ከበሩ ወጣችና ወደ ቀኝ አዞረች። አሮጊቷ ወደ ቀኝ ታጠፈች። ወደ ገበያው ወረደች፣ በሆስፒታሉ አጥር ዞረች፣ በጠባቧ መንገድ ሽቅብ ወጣች። ጤነኛ ሆና እንኳ የምትፈራውን አደባባይ ሁለት ጊዜ ዞረችው፤ ሁለተኛው ለጉዳይ ሳይሆን ደስ ብሏት ነው። ዋስትና ከጎኗ ሆኖ የሞተሩን ድምፅ ሳይሆን የእህቱን ትንፋሽ ያዳምጣል።

«ወንድሜ» አለችው በመጨረሻ፤ ዓይኗ ከመንገዱ ሳይነሣ። «ኮራሁብህ። መኪናዋን ስለሠራሃት ብቻ አይደለም። ያን ዕለት ሰው ሁሉ ፊት እጄን ስላዳንክልኝ።»

ዋስትና መልስ ሊሰጣት ሲል ስልኳ ጮኸ። መኪናዋን አቁማ አነሣችው። ጠየቀች፣ አዳመጠች፣ ደግማ ጠየቀች። «ከመቼ ጀምሮ? ውሃው ፈሰሰ? በጀርባዋ አታስተኟት፤ መጣሁ» አለች። ስልኩን አስቀምጣ ወደ ወንድሟ ዞረች።

«ውረድ።»

«ለምን?»

«ሆስፒታል መውሰድ ካለብኝ ወላዷን፣ እናቷንና ባሏን የት ላስቀምጣቸው ነው? ደግሞ ዘይት ዘይት እየሸተትክ ምጥ የያዛት ሴት አጠገብ አትቀመጥም። ውረድ እያልኩህ!»

ወረደ። መንገዱ ጠባብ ነው፤ በዚያ በኩል አንድ የጭነት መኪና ቆሟል። ሲስተር በደህና እጇ ብቻ መሪውን እስከ መጨረሻው አዞረችው፣ ወደ ኋላ አለች፣ እንደገና አዞረችው፣ አሮጊቷም እዚያው ቆማ እንደ ልጃገረድ ተሽከረከረችና በመጣችበት አቅጣጫ ተፈተለከች። ዋስትና መንገድ ዳር ቆሞ ከዓይኑ እስክትሰወር ተመለከታት። እንባው ጉንጩ ላይ ወረደ፤ አልጠረገውም።

ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። የሲስተር ልጅ ነበር።

«አጎቴ፣ አራት ሰዓት ሆኗል፤ ሰውየው እዚህ ቆሞ ይጠብቃል። እናቴ የት ናት? ስልኳን አታነሣም።»

«ሥራ ላይ ናት።»

«ማን እየነዳላት?»

«ማንም አይነዳላትም» አለ ዋስትና።